የፎገራ ውሃ፣ ቢትኮይንና የእናቶቻችን ጭስ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ልካችሁልኛል፦ «የእኛን መብራት የቢትኮይን ማሽኖች ወሰዱት ወይ?» የወረታ ልጅ ነኝና ነገሩን ከእኛው የፎገራ ሜዳ ልጀምር።

ክረምት ፎገራን የሚያጥለቀልቀው ውሃ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይገባል። ከጣና ከፊሉ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣና በለስን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በበለስ ወንዝ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀልና ሕዳሴ ግድብ ላይ እንደገና ተርባይን ያዞራል። በእኛ ሰማይ የዘነበው ሁለት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይሆናል ማለት ነው።

ቻይና በ2013 ዓ.ም. የቢትኮይን ማዕድን ሥራን፣ ማለትም ዲጂታሉን ገንዘብ በኮምፒውተር ማሽኖች የማውጣት ሥራን፣ ስትከለክል ማሽኖቹ ርካሽ ኃይል ፍለጋ ተሰደዱ፤ ከፊሎቹም ወደ እኛ መጡ። እስከ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 በላይ ከሆኑ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ነበር፤ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ዋጋው ያኔ በኪሎ ዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፣ ክፍያው በዶላር። ድርጅቱ የሚያቀርበው ምክንያትም ባዶ አይደለም፤ የመነጨው ኃይል ወደ ገጠር የሚያደርሰው መስመር ከሌለ ገዢ አጥቶ ይቀራል፣ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለች።

ስለዚህ ለጥያቄያችሁ መልሴ «በቀጥታ አልወሰዱትም» ነው። ጨለማው የምሰሶ፣ የሽቦና የትራንስፎርመር እጦት ነው። ግን እዚህ ላይ ማቆም ለኔ ኅሊና አይመችም። ሁላችንም «መብራት ኃይል» የምንለው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። አመንጪው በዶላር ይሸጣል፤ ለገበሬው መስመር የሚዘረጋው ሌላው፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፣ ገቢው በብር። ዶላሩ ወደ ምሰሶው የሚሻገርበት መንገድ ካልተበጀለት በራሱ አይሻገርም።

መጠኑን ለመገመት፦ አንዱ የቢትኮይን ማሽን የሚወስደው ኃይል ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ይቀራረባል፣ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ። ምጣዱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ ነው። ማሽኑ ሌት ተቀን አያርፍም። በአንድ ማሽን ኃይል 40 ቤተሰብ እንጀራ ይጋግራል። አንድ ጣቢያ ደግሞ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን በሺዎች ይደረድራል።

ኩባንያዎቹ «ኃይላችን ታዳሽ ነው፣ ጭስ የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከድንጋይ ከሰል ይሻላል። ጭሱ ያለው ግን እኛ ቤት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ዛፍ እምብዛም ስለሌለ እናቶቻችን በኩበት ይጋግራሉ፤ ዓይናቸው ይነድዳል፣ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረውም ፍግ ምድጃ ውስጥ ይቀራል። ወረታ ላይ መብራት ሲጠፋ የሩዝ መፈልፈያው ይቆማል። ርብ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ለማስነሳት ነዳጅ በጀሪካን፣ በውድ ይገዛል። ይህ ሕዝብ ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ለሕዳሴ ቦንድ የገዛ፣ የወር ደመወዙን የሰጠ ሕዝብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አዳዲስ የቢትኮይን አመልካቾችን መቀበል ማቆሙን ተናግሯል። ጥሩ ነው፤ ያሉት ውሎች ግን ይቀጥላሉ፣ ነገ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የዳታ ማዕከላት ይመጣሉ። ሽያጩን አልቃወምም። ውሎቹ ለሕዝብ ይገለጡ፤ ከሚገኘው ዶላር የተወሰነው ድርሻ በሕግ ተቆርጦ ለገጠር መስመርና ለትራንስፎርመር ይዋል። የወረዳችሁን የምክር ቤት ተወካይ ስታገኙ ይህን ጠይቁልኝ።