አሮጌ ላንድክሩዘር ለላስታ ዳገት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ሠርተውት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጎዳና፣ የድልብን ዳገት እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደጋው አናት ላይ ከደረሰና ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ከታጠፈ በኋላ፣ ለመኪናም ለሾፌርም ያዘጋጀው ፈተና ገና መጀመሩ ነው። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መንገደኛው በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ ጋቢ ከሚያስደርብ የደጋ ብርድ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሙቀት ይወርዳል፤ ከዚያም 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወደ ተቀመጠችው ወደ ቅዱስ ላሊበላ ከተማ እንደ ገና ይወጣል። ከዚያም አልፎ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ለመሳለም የሚሻ ሰው፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ የሚነግሥበትን፣ ድንጋይ ግን በሁለቱም ወቅት የማይጠፋበትን ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መታገሥ ይኖርበታል።

አሮጌ መኪና ገዝቶ አካሏን ክፍል በክፍል እየፈቱ ማደስ፣ ማጠናከር፣ ለምትሄድበትም ምድር እንድትስማማ አድርጎ መለወጥ በሌላው ዓለም ከትርፍ ጊዜ ደስታዎች አንዱ ሆኖ የሚቆጠር ተግባረ እድ ነው፤ ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ግን ፍቅሩና እንጀራው ተለይተው አይገኙም። እንግዳ ጭኖ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚመላለስ ሾፌር ማታ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ የሚያጠብቀው ዳዶ የነገ ሲሳዩ ነውና ሥራው ከግዴታ የመነጨ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው ወንበሮቹን አዲስ ጨርቅ ሲያለብስ፣ የተጣመመ በር ሲያቃና፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስመጣውን አሮጌ መብራት በገዛ እጁ ሲያበጅ ለተመለከተው ሰው፣ ነገሩ ከሲሳይ ያለፈ ፍቅር መሆኑ አይሰወርም። በመዲናይቱም ቢሆን፣ በጨረታ የገዛውን ላንድክሩዘር ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚከበረው የልደት በዓል ወደ ላሊበላ ይዞ ለመውጣት ዓመቱን ሙሉ ሲያሰናዳ የሚከርም የቢሮ ሠራተኛ አይታጣም።

መኪናና መንገድ የሌለው ምድር በአገራችን የተዋወቁት ከመጀመሪያው ነው። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለዋን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ያደረሳትና ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ያቆማት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ጊዜ መኪና ሁሉ ከመንገድ ውጭ ተጓዥ ነበረች ማለት ይቻላል። ለዚሁ ግብር ተለይተው የተሠሩት ግን በብዛት ወደ ሲቪል ገበያ የወጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ስትቀርብ አካሏ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር፤ ይህም የሆነው በጊዜው እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበረ እንጂ ስለ ዝገት ታስቦ አልነበረም፤ ሆኖም ያ የችግር መፍትሔ ለብዙ ዘመን አካሏን ከዝገት ጠበቀላት። ቶዮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ቢጄ የተባለችውን ናሙና እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አውጥቶ አስመሰከረ፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘችው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1954 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የ70 ቁጥር ቤተሰብ፣ በእኛ አገር «ሃርድቶፕ» የሚባለውን ጭምር ይዞ፣ እነሆ ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል።

እነዚህ መኪኖች ወደ ግለሰብ እጅ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከግብረ ሰናይ ድርጅትና ከኤምባሲ ጨረታ፣ ወይም ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ ባለ ትልቅ ሞተር አውቶሞቢል ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚህም ምክንያት በአገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ላንድክሩዘር ተተኪዋ በቀላሉ የማይገኝ ንብረት ሆነች፤ ማደሱም ከምርጫ ይልቅ ወደ ግድ ተጠጋ።

ስለ ማሻሻል የሚወጡት ሥዕሎችና ምክሮች ግን በአብዛኛው የአውስትራሊያና የአሜሪካ ናቸው፤ እዚህ ላይ ነው እኔ ከብዙዎቹ አፍቃርያነ መኪና የምለየው። በሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1975 ኤ.አር.ቢ. የተባለውን የታወቀ ድርጅት ያቋቋመው አንቶኒ ብራውን፣ ወደ አገሩ ሰሜን በላንድሮቨር ተጉዞ በገበያ የሚሸጡት የብረት መከላከያዎችና የጣሪያ መደርደሪያዎች መንገዱን እንደማይችሉ ባየ ጊዜ ነው የተሻለውን ለመሥራት የተነሣው። የሠራው ለሚያውቀው ምድር ነው፤ ካንጋሮ ሳይታሰብ ዘልሎ ለሚገባበት፣ አሸዋው ሰፊ፣ ጎዳናው ሜዳ ለሆነ ምድር። ያንኑ ከባድ ብረት ገዝቶ በላስታ መኪና ግንባር ላይ የሚሰቅል ሰው የብራውንን ዕቃ ወሰደ እንጂ ጥበቡን አልወሰደም፤ በላስታ ጠላቱ ካንጋሮ ሳይሆን ከፍታና ቁልቁለት ነውና።

ከከፍታው እንጀምር። አየር ወደ ላይ በወጡ መጠን እየሳሳ ይሄዳል፤ በላሊበላ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ሲሆን፣ 3,500 ሜትር ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በሃርድቶፕ ውስጥ ዘወትር የሚገኘው፣ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ባለ ስድስት ፒስቶን የናፍጣ ሞተር 4,164 ሲሲ ስፋት አለው፤ ተርቦ ግን የለውም፤ ስለዚህ የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ነው። ሲሠራ የነበረው 130 ያህል የፈረስ ጉልበት በላሊበላ ወደ 100 ግድም ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጉልበት አነሰ ብሎ ከፖምፓው የናፍጣውን መጠን ማስጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ሲጨመር፣ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። ይልቁንስ የአየሩን ፊልትሮ ማጽዳት፣ የመርፌዎቹን አረጫጨት ማስፈተሽና ፖምፓውን ለደጋው ልክ ማስተካከል ቀዳሚው ሥራ ነው። ተርቦ ማስገጠም ለሚሹት አንድ ነገር ልናገር፦ የጠፋውን አየር ለመመለስ ያህል በትንሹ ሲገጠም ለደጋ አገር እጅግ ይስማማል፤ ነገር ግን ይህ ሞተር ለተርቦ ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ፣ ግፊቱ ከመጠን ካለፈ ሙቀቱ ቴስታታውን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ስለዚህ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ሳያስገጥሙ ተርቦ መግጠም ዓይንን ሸፍኖ ገደል ዳር እንደ መሄድ ነው።

ከሞተሩ ቀጥሎ የሚመጣው ራዲያተሩ ነው። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ መኪና ውስጥ ያለው ውኃ በዚያ ሙቀት የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ጠብቆ ስለሚይዝለት ነው። የዚህ ክዳን ላስቲክ ከደረቀ፣ ዋጋው ከዕቃዎቹ ሁሉ ያነሰው ይህ ክዳን ትልቁን ሞተር ዳገት መካከል ያስቆመዋል። በኮሮና ወረርሽኝና በሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ዘመን ቱሪስት ጠፍቶ ለብዙ ወራት ሳይነሡ በቆሙ መኪኖች ላይ ይህ ዓይነት ጉዳት ይብሳል፤ ላስቲክ ሁሉ ይደርቃል፣ በሰልባትዮው ውስጥም ውኃ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቆማ የከረመችን መኪና የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትሯን ማነስ አይቶ ባይደሰት መልካም ነው።

ከሁሉም የላቀው ጉዳይ ግን ፍሬን ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት በላስታ መኪና ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ብርም የመጨረሻውም ብር ለእርሱ ሊውል ይገባል። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር እየሳበ የሚጠጣ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ሊያሟላው የሚገባው ዝቅተኛ የመፍያ ሙቀት 205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ይሆናል፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ረዝሞ ሾፌሩ ፍሬኑን ሳያነሣ ሲረግጥ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎትም ሊታመቅ ስለሚችል ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ግን ውድ አይደለም፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፣ የዛገውን ቧንቧና ያረጀውን የፍሬን ጎማ መተካት፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ ሳይወርዱ አስቀድሞ በከባድ ማርሽ መግባት። በኮፈኑ ላይ መብራት ከደረደረው ወጣት ይልቅ የፍሬን ዘይቱን በጊዜው የለወጠው አዛውንት ሾፌር የተሻለ «አሻሻይ» ነው ብል የሚቀየመኝ ወጣቱ ብቻ ይመስለኛል።

ስለ ባሌስትራም ብዙ አለመግባባት አለ። የደከመውን ባሌስትራ በአዲስ መተካት አንድ ነገር ነው፤ ከጭነት መኪና የተረፈ ቅጠል ጨምሮ መኪናይቱን ማንሣት ግን ሌላ ነው። የተጨመረው ቅጠል ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል ስለማይታጠፍ ሸክሙን ለብቻው ይሸከማል፤ ጎማውም የመንገዱን ጉድጓድ ተከትሎ መውረድ ስለሚያቅተው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከፍ ማለትም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የመኪናይቱ የክብደት ማእከል ሽቅብ በሄደ መጠን በተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋዋ ይጨምራል፤ በላስታ ደግሞ አንዱ ጎማ ከሌላው ከፍ ብሎ የማይሄድበት መንገድ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ማንሣትን አልመክርም። ትልቅ ጎማ ለሚወዱም ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ሲያድግ፣ የፍጥነት መለኪያው 60 እያሳየ መኪናይቱ በ66 ትሄዳለች፤ ማርሾቹ ሁሉ ይረዝማሉ፤ አስቀድሞ በስስ አየር ጉልበቷ የተቀነሰባት መኪና ዳገቱን በዝቅተኛው ማርሽ እንኳ ትማረራለች። ለሃርድቶፕ ከጥንት የተሰጣት 7.50 በ16 የሆነው ቀጭንና ረጅም ጎማ በየጎሚስታው ስለሚገኝና ካላማዳሪያው ስለሚጠገን፣ በገጠር መንገድ ላይ ከሰፋፊዎቹ ውድ ጎማዎች ይልቅ ሲያኮራ አይቻለሁ።

ትንፋሽ መሳቢያው ቧንቧ ጣሪያ ድረስ መውጣቱ በክረምት ወንዝ ለሚሻገርና በበጋ አቧራ ለሚከተል ሰው ይጠቅማል፤ ለቀረው ሰው ጌጥ ነው። ፖርቶመጋላው ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ በልደት ሰሞን የተሳላሚው ስንቅ፣ ጀሪካን ናፍጣና ሁለት ቅያሪ ጎማ ጣሪያ ላይ ሲደረደር፣ ባለ መኪናው በስንት ድካም ያስተካከለው ሚዛን በአንድ ማለዳ ይፈርሳል። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል መቀመጥ አለበት። በመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለውን መስቀልና የሚለጠፈውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በተመለከተ፣ የሾፌሩን እይታ እስካልጋረዱ ድረስ በምንም ክብደት አልቆጥራቸውም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ሊብሬውን ሊረሳ አይገባውም። ሞተር የለወጠ ወይም ቀለም የቀየረ ሰው ለውጡን በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ካላስመዘገበ፣ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም፤ ቦሎም አያገኝም። አሮጌ ሞተር ከሶማሌ ተራ ሲገዙም ደረሰኝ መቀበል ከመንገድ ላይ ጭቅጭቅ ያድናል።

መኪናይቱ ታድሳ ከጋራዥ በወጣች ጊዜ መፈተኛዋ የከተማ አስፋልት መሆን የለበትም። ከላሊበላ በቢልባላ አቅጣጫ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ መመለስ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ድንጋይና አቧራ በአንድ ቀን ይገኙበታል። እዚያ እንደ ደረሱ፣ ወደ ዋሻው በእግር ከመውጣት በፊት፣ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ጀርባ ማሰስ ይገባል፤ ከሦስቱ ይልቅ የሚግል ካለ ፍሬኑ ተይዟል ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል ማለት ነው። ከዚያ ከሥር አጎንብሶ የዘይት ላብ ያለበትን ቦታ ማየት፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘም በኋላ የራዲያተሩን ውኃ መለካት ነው። አዲስ ባሌስትራ የገባላት መኪና ደግሞ ብረቱ በሸክም ተቀምጦ ቦታውን ስለሚይዝ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላሉ፤ የጎማዎቹም ዳዶ እንዲሁ፤ ስለዚህ ከይምርሐነ ክርስቶስ የተመለሰ ሰው ልብሱን ሳይለውጥ ቁልፉን ይዞ እንደ ገና ከመኪናው ሥር መግባት ይኖርበታል።