ስለ አትክልት ሣጥን አሠራርና ስለ ጥቅሙ

ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች ሁሉ።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር ከጉና ተራራ ውርጭ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ነው። በዚህ አገር የብዙ ቤትና የብዙ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ድንጋይና አቧራ ብቻ ሆኖ ይታያል። ይኸውም ሰው አበባና አትክልት ጠልቶ አይደለም፤ ቢተከልም በበጋ ውሃ ስለሚያጣ፥ ፍየልና ዶሮ ስለሚያጠፋው፥ በደጋም ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚያቃጥለው ነው። ለዚህ ሁሉ በጥቂት እንጨት የሚሠራ የአትክልት ሣጥን መልካም መፍትሔ ነው። በበረንዳ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፥ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፥ ውርጭ በመጣ ሌሊትም በሰሌን ይሸፈናል።

ነገር ግን እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር፥ ባንድ ክረምት የሚበሰብስ ሣጥን መሥራት ዛፍን በከንቱ ማጥፋት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ስለ እንጨቱ ማሰብ ይገባል። ጽድ መበስበስንና ምስጥን የሚችል መሆኑ በቤት ሥራ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከቀረው የአገር ዛፍ ብዙው በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ያለ ስለ ሆነ፥ ስለ አበባ ሣጥን ተብሎ ሊቈረጥ አይገባውም። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የጽድ ሳንቃ ቢገኝ ግን እሰየው ነው። ካልተገኘ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ይበቃል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ከተሠራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም፤ ስለዚህ ሳንቃው በመካከሉ ቀጭን ዘንግ እየገባ በጥላ ተደራርቦ ሁለት ሦስት ወር ይቈይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሳንቃው ውፍረት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለሁለቱ ጐኖች ርዝመቱ 80፥ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሳንቃ፤ ለራሱና ለግርጌው በየበኩሉ 25 በ25 የሆነ ሁለት ሳንቃ፤ ለወለሉም 75 በ25 የሆነ አንድ ሳንቃ ይቈረጥ። አጫጭሮቹ በረጃጅሞቹ መካከል ይግቡ። ሰፊ ሳንቃ ቢታጣ ሁለት ጠባቦች ተጋጥመው፥ በማዕዘኑ ውስጥ በቆመ እንጨት ላይ ይመቱ። ባሕር ዛፍ በምስማር ቶሎ ስለሚሰነጠቅ፥ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ወይም በጋለ ብረት ይበሳ። ከወለሉም ሥር ሁለት አግዳሚ ይመታ፤ እርሱም በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ እንዲህ ሲሆን ነፋስ ከሥሩ ያልፋል፥ ምስጥም ቢመጣ ቶሎ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚስተው የወለሉን ቀዳዳ ነው። ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል፥ ሣጥኑም ይጠፋል። ስለዚህ የጣት ውፍረት ያላቸው አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች ይበሱ፤ አፈሩ እንዳይፈስ በየቀዳዳው ላይ የገል ስባሪ ይጣል። ውጭውን በተልባ ዘይት ማሸት ይጠቅማል፤ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን አትክልቱን ስለሚመርዝ ፈጽሞ አይቀባ።

አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፥ አንድ እጅ አሸዋ፥ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ይሁን። መረሬ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ሲረጥብ ውሃ ይይዛል። የተሞላው ሣጥን 60 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፥ ሳይሞላ በፊት ስፍራው ይመረጥ። በደጋ ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ፥ በቆላ ግን ቀትር ላይ ጥላ ያለው ይሻላል። ጽጌረዳ፥ ጤና አዳም፥ አሪቲ ወይም በሶብላ ይተከልበት። ጣትን በአፈሩ አግብቶ ደርቆ ሲገኝ ማጠጣት እንጂ፥ በልማድ ዕለት ዕለት ማጥለቅለቅ አይገባም።

ይኸው ሣጥን ለጌጥ ብቻ አይደለም። የጎመንና የሽንኩርት ዘር ቢዘራበት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ችግኙ ወደ ጓሮ ሊዛወር ይደርሳል፤ ዘሩም በዶሮና በጎርፍ አይጠፋም።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፥ ሕዝቡ ችግኝ እንዲተክል ማዘዝ ቀላል ነው። ባለ ጉዳይ ተራውን ሲጠብቅ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የለመለመ ሣጥን ቢያይ ግን፥ አሠራሩን ጠይቆ ይሄዳል፤ የደረቀ ቢያይም ሹሙ ስለ ችግኝ የሚናገረውን አያምንም። ስለዚህ ሣጥኑን ከማሠራት ይልቅ የሚያጠጣውን ሰው በስም መወሰን ይበልጣል።