የባክቴሪያ በሮች፦ ከውጨኛው ሽፋን ፕሮቲኖች ጋር ትውውቅ

ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 በርሊን ሳለ ያሳተመው የማቅለሚያ ዘዴ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ከሕመምተኛው የተወሰደው ናሙና በመስታወት ላይ በስሱ ይቀባል። ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፤ ቀጥሎ አዮዲን ይጨመርበታል፤ ከዚያ በአልኮል ይታጠብና በመጨረሻ ቀይ ቀለም ይነካዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሐምራዊውን ይዘው የቀሩት ባክቴሪያዎች ግራም ፖዘቲቭ፣ ሐምራዊው ለቋቸው ቀይ ወይም ሮዝ የሆኑት ደግሞ ግራም ኔጌቲቭ ይባላሉ። ኢ. ኮላይ፣ ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ፣ የኮሌራ ባክቴሪያና አንዱ የማጅራት ገትር አምጪ የሆነው ሜኒንጎኮከስ የሁለተኛው ወገን ናቸው።

የቀለሙ ልዩነት የመጣው ከአካላቸው አሠራር ነው። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ያለው አንድ ሽፋንና ወፍራም ግድግዳ ነው። የግራም ኔጌቲቩ ግድግዳ ግን ስስ ሆኖ በላዩ ሁለተኛ ሽፋን ተደርቦበታል። የዚህ ውጨኛ ሽፋን የላይኛው ገጽ ሊፖፖሊሳካራይድ በሚባል የስብና የስኳር ውህድ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ስለሆነ ብዙ መርዝና ብዙ መድኃኒት ያግዳል። ይሁንና ባክቴሪያው ለመኖር መብላት አለበት፤ ምግብ የማያስገባ ሽፋን ይዞ መራባት አይችልም። ችግሩን የሚፈቱለት ሽፋኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሥራቸው የበር ሥራ ነው። ባክቴሪያው እነዚህን በሮች ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መኖር አለመቻሉ ደግሞ ለሕክምና ትልቅ ዕድል ነው።

አብዛኞቹ ቅርጻቸው ይመሳሰላል። የፕሮቲኑ ሰንሰለት ሽፋኑን ወደ ላይና ወደ ታች እያቋረጠ ይመላለሳል፤ ክሮቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ የመጀመሪያው ክር ከመጨረሻው ሲገጥም ክብ ቱቦ ይሆናል። የቱቦው የውጭ ገጽ ከስብ ጋር ይስማማል፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ውሃ ይቀበላል። ኦምፕኤ የተባለው 8 ክሮች ብቻ ሲኖሩት፣ ብረት አስገቢው ፍሁኤ 22 አሉት።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ የኢ. ኮላይ ኦምፕኤፍ ነው። ፖሪን ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 16 ክሮች ያሏቸው ሦስት ቱቦዎች ተጣብቀው ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ቱቦ ወገብ ላይ አንድ የፕሮቲን እጥፋት ወደ ውስጥ ገብቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል። በጠባቡ ቦታ በአንድ በኩል አሉታዊ፣ በሌላው በኩል አዎንታዊ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ስለዚህ የሚያልፈው ሞለኪውል የሚለየው በመጠኑም በኤሌክትሪክ ሙሉም ነው። ከ600 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ በላይ የሚመዝን ነገር በዚህ አያልፍም። 1,450 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ግራም ኔጌቲቮችን የማይጎዳበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። በ1961 ለሕክምና የቀረበው አምፒሲሊን በክብደት ከፔኒሲሊን ብዙም አይለይም፤ የተጨመረለት የአሚኖ ክፍል ግን በፖሪን በኩል በቀላሉ እንዲያልፍ ስላደረገው ፔኒሲሊን ያልደረሰባቸውን ብዙ ባክቴሪያዎች ደረሰባቸው።

ለብረት የተለየ መግቢያ አለ። ሰውነታችን ብረቱን በፕሮቲን አስሮ ስለሚይዝ ነጻ ብረት አይገኝም። በዚህ ምክንያት ብዙ ባክቴሪያዎች ብረት የሚነጥቁ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ ይልካሉ፤ ብረቱን ይዘው ሲመለሱም እንደ ፍሁኤ ያሉ ፕሮቲኖች ይቀበሏቸዋል። የእነዚህ ቱቦ በውታፍ የተዘጋ ነው፤ የሚከፈተውም ቶንቢ የሚባል ፕሮቲን ከውስጠኛው ሽፋን ባገኘው ኃይል ሲስበው ነው። በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴፊዴሮኮል የተሠራው ይህን በማጥናት ነው፤ መድኃኒቱ ብረት ይዞ ስለሚቀርብ ባክቴሪያው ራሱ ያስገባዋል።

የሚያስወጣም አለ። ቶልሲ ከውስጠኛው ሽፋን ፓምፕ ጋር ተገናኝቶ የገባውን አንቲባዮቲክ መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል።

እነዚህ የውጨኛው ሽፋን ፕሮቲኖች የሚመረቱት በባክቴሪያው ውስጥ ነው። ውስጠኛውን ሽፋን አልፈው፣ እንዳይጨማደዱ በረዳት ፕሮቲኖች ተይዘው፣ ባም ወደሚባለው ገጣሚ ይደርሳሉ፤ በውጨኛው ሽፋን የሚተክላቸው እሱ ነው። ባም ከቆመ ባክቴሪያው ይሞታል። በ2019 ተመራማሪዎች በጥቃቅን ትሎች አንጀት ከሚኖር ባክቴሪያ ዳሮባክቲን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። ባምን ከውጭ በኩል ይዞ ያስቆመዋልና ወደ ውስጥ መዝለቅ አያስፈልገውም። ገና ለሕሙማን የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም፤ የመታበትን ቦታ ማሳየቱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ለክትባትም ጠቅመዋል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ለሜኒንጎኮከስ ዓይነት ኤ የተሠራው ክትባት የባክቴሪያውን የስኳር ልባስ ያነጣጠረ ነበር። የዓይነት ቢ ልባስ ግን በሰው የነርቭ ሕዋሳት ላይ ካለው ስኳር ጋር ስለሚመሳሰል በዚያ መንገድ መሄድ አልተቻለም። ኒውዚላንድ በ1991 የጀመረባትን ወረርሽኝ ለመግታት በ2004 የሰጠችው ክትባት የተሠራው ከባክቴሪያው ውጨኛ ሽፋን ነው፤ ሰውነት እንዲያውቀው የተደረገውም በተለይ ፖርኤ የተባለውን ፖሪን ነው።

አሳሳቢው ባክቴሪያውም በሮቹን መለወጥ መቻሉ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ኦፕርዲ የተባለውን ፖሪን ሲያጣ ኢሚፔነም የሚባለው አንቲባዮቲክ የሚገባበት ዋናው መንገድ ይዘጋል። ክሌብሲየላም ፖሪኖቹን ሲቀንስና መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም ሲይዝ ጠንካራ የሚባሉት መድኃኒቶች ይከሽፉበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል ብሎ በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጣቸው ባክቴሪያዎች ሁሉም ግራም ኔጌቲቭ ነበሩ።

አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር በራቸው የተከፈተ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የዘጉት ተርፈው ይራባሉ። ለጉንፋን፣ ወይም ጎረቤት ስለተሻለው ብቻ የተዋጠ ኪኒን ይህን ምርጫ ያለ ጥቅም ያፋጥናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ፤ የታዘዘልዎትንም በታዘዘው መጠንና ጊዜ ይውሰዱ፤ ከሌላ ሕመም የተረፈ ኪኒንም ለማንም አያካፍሉ።