ከስብ የሚመነጨው ሆርሞንና የስኳር ታማሚ አንጎል

የስኳር በሽታ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ዓይን፣ ስለ ኩላሊትና ስለ እግር ነው። አንጎልን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በእርጅናው ዘመን በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ፣ ስኳር ከሌለበት እኩያው በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ሥር ጉዳት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ሌላ ግን ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሚመነጨው ከሰውነታችን ስብ ነው።

ስብ ለክፉ ቀን የተሞላ ጎተራ ብቻ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ አዲፖኔክቲን ከስብ ሕዋሳት የሚወጡ ሆርሞኖች መሆናቸው ሲታወቅ ይህ ግምት ተለወጠ። ሌፕቲን ስብ ሲበዛ አብሮ ይበዛል። አዲፖኔክቲን ግን ሰው በወፈረ ቁጥር፣ በተለይ ስቡ በሆድ ዕቃው መካከል ሲከማች፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ከልክ በላይ ያበጡ የስብ ሕዋሳት ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ አካባቢያቸው ላይ ብግነት ይነሳል፤ ብግነቱም የሆርሞኑን መመረት ይገታል። ቦርጭ እስካሁን የድሎት ምልክት ተደርጎ በሚታይባቸው ቤቶች ይህ ደጋግሞ ቢነገር ደስ ይለኛል።

አዲፖኔክቲን ጉበት ስኳር አብዝቶ እንዳይለቅ ያደርጋል፤ ጡንቻ ስብን እንዲያቃጥል ይረዳል፤ ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራም መንገድ ያቀናል። የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይንከባከባል፣ ብግነትንም ያበርዳል። አንጎል በደም ሥሮቹ ጤና ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከዚህ ሥራ ይጠቀማል። ጥቂቱ ሆርሞን ደግሞ ራሱ ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ በአንጎል ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው በደም ውስጥ ካለው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሆርሞኑን የሚቀበሉ ተቀባዮች ትውስታን በሚይዘው የአንጎል ክፍል ሳይቀር አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሆንግ ኮንግ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሩጫ በዚያው ክፍል አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንዲፈጠሩ ሲያደርግ፣ አዲፖኔክቲን የሌላቸው አይጦች ግን ይህን ጥቅም አላገኙም።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሆርሞኑን መጨመር ነዋ!» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በፍራሚንግሃም ከተማ ለ13 ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ከ800 በላይ ሰዎች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ በደማቸው ብዙ አዲፖኔክቲን የነበራቸው ሴቶች በመርሳት በሽታ የመያዝ አደጋቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ምናልባት ሰውነት ለተጀመረ ጉዳት ምላሽ እየሰጠ ይሆናል፤ ምናልባትም ተቀባዮቹ መስማት አቁመው ሆርሞኑ ያለ ሥራ ተጠራቅሞ ይሆናል። በአይጥ ላይ ያማረ ውጤት ለሰው መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ በደል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የስኳር ታማሚ ይህን ሆርሞን ለማስለካት ገንዘብ ማውጣት የለበትም፤ የተለመደው ክትትል አካልም አይደለም። የሚጠቅመው በእጁ ያለው ነው፦ ወገብን መቀነስ፣ በየቀኑ መንቀሳቀስ፣ ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር። ክብደቱ በደንብ የቀነሰ ሰው አዲፖኔክቲኑም ከፍ ይላል።

ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። አባት መድኃኒቱን መዋጡን እየረሳ ከሆነ ግትርነት ነው ብሎ መቆጣት አይገባም። ኢንሱሊን መወጋቱን ረስቶ ደግሞ የሚወጋ ሰው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በተደጋጋሚ የሚወርድ ስኳር ራሱም ከመርሳት በሽታ ጋር ይያያዛል። መርሳቱ መቼ እንደጀመረና የትኞቹን መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይዞ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱም ትውስታን ያደክማል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ይታከማል።