በአንድ ሪዲም ተራ በተራ

በሾን ፖል «ጌት ቢዚ» የጨፈራችሁ፣ በዌይን ወንደር «ኖ ሌቲንግ ጎ» ደግሞ የቆዘማችሁ ሁሉ፣ ከስር ያለውን ጭብጨባ ልብ ብላችሁታል? አንድ ነው። ሌንኪ በሚል ስም የሚታወቀው ጃማይካዊው ስቲቨን ማርስደን የሠራው «ዲዋሊ» የተባለ ሪዲም ነው። ሾን ፖል ቃላቱን እያከታተለ ያዘንብበታል፤ ዌይን ወንደር ድምፁን እየሳበ ያንጎራጉርበታል። ግሪንስሊቭስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በዲዋሊ ላይ የተዘፈኑትን ሰብስቦ በ2002 እ.ኤ.አ. አልበም አደረጋቸው።

የአንድ ሪዲም አልበም ይኸው ነው፤ ቅንብሩ አንድ፣ ዘፋኙ ብዙ፣ ዜማና ግጥሙ የየራሱ። ሩፒ ኤድዋርድስ በ1974 ያወጣውን «ያማሃ ስካንክ» ብዙዎች የዓይነቱ በኩር ያደርጉታል።

እኔን የሚያበግነኝ «ጃማይካውያን ቅንብር ስለሚያጥራቸው ይሰራረቃሉ» የሚለው ወሬ ነው። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ «ማሲንቆው ዜማ አልቀየረም» ብሎ የሚያኮርፍ ታዳሚ እስካሁን አልገጠመኝም። ጃማይካ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው ጭፈራ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሩዲ ሬድዉድ የተባለ የስፓኒሽ ታውን ሳውንድ ሲስተም (የጭፈራ ሙዚቃ ማጫወቻ) ባለቤት የፓራጎንስን «ኦን ዘ ቢች» በሸክላ ሲያስቀርጽ፣ ቀራጩ የዘፋኞቹን ድምፅ ረስቶ ሙዚቃውን ብቻ አወጣለት። ሬድዉድ ያንን ሸክላ ሲያጫውተው ጨፋሪው ራሱ ተቀብሎ ዘፈነበት። ከዚያ ወዲህ በሸክላው ጀርባ ባዶ ቅንብሩን ማውጣት ተለመደ፤ ዩ-ሮይን የመሰሉ ዲጄዎችም እንዲህ ባለ ቅንብር ላይ እያወሩ ገነኑ። ባዶ ቦታ ተትቶልህ ገብተህ መናገር ስርቆት ከተባለ እንግዲህ አላውቅም።

የእኔ ምርጥ «ሳታ ማሳጋና» ነው። አቢሲኒያንሶች የተባሉት ዘፋኞች በ1969 ስቱዲዮ ዋን ውስጥ ቀዱት፤ ባለቤቱ ኮክስን ዶድ ገበያ አያገኝም ብሎ አስቀመጠው። ከመካከላቸው በርናርድ ኮሊንስ ቅጂውን ከዶድ እጅ ገዝቶ በ1971 ክሊንች በተባለው በራሳቸው ሌብል አወጣው፤ ሸክላውም ተቸበቸበ። ራሳቸው አቢሲኒያንሶች ተመልሰው «ማብራክ»ን ሠሩበት፤ እዚህ ላይ ዘፈን የለም፣ ከብሉይ ኪዳን ቃል ይነበባል። ያ ቤዝ ለመዝሙር ሲሆን ያረጋጋ ነበር፤ ለንባቡ ሲሆን ግን ያስፈራል። አንድም ኖታ አልተነካም! ቢግ ዩዝም «አይ ፕሬይ ዚ»ን ይዞ መጣበት። ብለድ ኤንድ ፋየር የተባለው የማንችስተር አሳታሚ በ2004 «ትሪ ኦቭ ሳታ» በሚል አልበም የድሮዎቹን፣ በዚያው በቀድሞው ቅንብር ላይ አዲስ ከተቀዱት ጋር አንድ ላይ አወጣ።

ከእንዲህ ያለ አልበም ሁለት ዘፈን ሰምታችሁ «ያው ነው» ብላችሁ የምትቀይሩ፣ ወይም ከሌላ ዘፈን ጋር ቀላቅላችሁ የምታጫውቱ፣ እባካችሁ ተዉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ይሰማ። አራተኛው አምስተኛው ላይ ጆሮ ቅንብሩን ይለምደውና አንዱ ዘፋኝ ከምቱ ቀድሞ ሲገባ፣ ሌላው ሆን ብሎ ሲዘገይ መለየት ይጀምራል። በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፤ ቤዙ ከሌለ ሳታ የለም።