ክሩ መሀል ላይ ሲያልቅ

የልጅዎ የቆዳ ቦርሳ ጎኑ ተተርትሮ፣ በእጅዎ ሊሰፉት ቁጭ ብለዋል እንበል። ግማሹን እንደጨረሱ ክሩ አለቀ። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ አሮጌውንና አዲሱን ክር ቋጥረው ይቀጥላሉ። ቋጠሮው ግን ሊንሸራተት ይችላል፤ ደብተር በከበደ ቁጥርም እየላላ ይሄዳል። የሚፈታው ደግሞ ቤት ሳይሆን መንገድ ላይ ነው።

የእጅ ስፌት ጥንካሬው ከአሰፋፉ ይመጣል። «የኮርቻ ስፌት» በሚባለው አሠራር አንድ ክር በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይይዛል፤ ሁለቱ መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። በመኪና ሲሰፋ ግን የላይኛውና የታችኛው ክር እርስ በርስ ተጠላልፈው ስለሚቆሙ፣ አንዱ ሲበጠስ አጠገቡ ያለውም ይላላል። በእጅ በተሰፋው ላይ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ቀዳዳውን ይዞ ይቆያል። (ኮርቻና አገልግል ሲሠራልን የኖረውን ባለሙያ «ፋቂ» እያልን ስናንቋሽሽ መኖራችን ያሳፍራል።)

ለዚህ ስፌት የስፌቱን ርዝመት 4 እጥፍ ያህል ክር ያስፈልጋል፤ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ለ60 ሳንቲሜትር 2 ሜትር ከ40 ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዝ አድካሚ ነው፤ ክሩ ይወሳሰባል፣ በየቀዳዳው እየተፈተገም ይሳሳል። እጅዎን ግራና ቀኝ ዘርግተው የሚደርሱበትን ያህል ቆርጠው መሀል ላይ መቀጠል ይሻላል። የሚቀጥሉበትን ቦታ ግን ቀድመው ያስቡበት፦ ማንገቻው የተሰፋበት፣ ማዕዘኑና የቦርሳው አፍ ብዙ የሚጎተቱ ስለሆኑ አይሆኑም። ቀጥ ያለው ጎን ይመረጣል።

በሁለቱም መርፌዎች ላይ 10 ሳንቲሜትር ያህል ሲቀር ያቁሙ። በፊት በኩል ያለውን መርፌ በሚቀጥለው ቀዳዳ ወደ ውስጠኛው ጎን ያውጡት፤ አሁን ሁለቱም ጫፎች በማይታየው በኩል ናቸው። ገና አይቁረጧቸው። አዲሱን ክር ሰም ቀብተው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ሰክተው፣ ከተሰፋው 3 ቀዳዳ ወደኋላ ተመልሰው ያስገቡ። ግራና ቀኙን እኩል ካደረጉ በኋላ በአሮጌው ስፌት ላይ ደርበው ይስፉ፤ አሮጌው ካበቃበት ሲደርሱ ዝም ብለው ይቀጥሉ። ሁለቱን ክሮች የሚይዘው ይህ ድርብ ስፌት ነው።

የሚያስቸግረው እነዚያ 3 ቀዳዳዎች ናቸው። ክር ስላለባቸው ጠበዋል። በወስፌ ቀስ ብለው ያስፏቸው፤ አሮጌውን ክር እንዳይወጉት ግን ይጠንቀቁ። መርፌውም ጫፉ ደነዝ ያለ ይሁን፤ ሹል ከሆነ ክሩን ሰንጥቆ ያልፋል። እምቢ ካለዎት በፒንሳ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ካጣመሙት ይሰበራል።

ጥቂት ቀዳዳ ወደፊት ከሄዱ በኋላ ወደ አሮጌዎቹ ጫፎች ይመለሱ። ክሩ ፖሊስተር ወይም ናይለን ከሆነ 2 ሚሊሜትር አስቀርተው ይቁረጡና ጫፉን በላይተር ያቅልጡት፤ ቆዳው እንዳይነካው ነበልባሉን ያርቁ። የተልባ እግር ወይም የጥጥ ክር ከሆነ እሳት አያስጠጉት። ከሥሩ ቆርጠው ጠብታ ኮላ ያስነኩት፣ በመዶሻም በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። የትኛው እንደሆነ ካልለዩ፣ ቁራጩን ለብቻው ለኩሰው ይመልከቱ፦ ቀልጦ ከተንከባለለ ሰው ሠራሽ ነው፤ ነድዶ አመድ ከሆነ ግን ኮላውን ያዘጋጁ።