ጥያቄው ማስክ፣ ችግሩ ሌላ

ፋብሪካዎች ለደህንነት አማካሪ የሚልኩት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ጥቂት ካርቶን ማስክና ጓንት፣ ከዚያም ፋይል ውስጥ የሚገባ ሪፖርት። አማካሪውም ዋጋ ሞልቶ ይልካል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ ባይ ነኝ። ደንበኛው የሚጠይቀው ለሚያየው አደጋ መፍትሔ ነው፤ የማያየውን ፈልጎ ማግኘት የአማካሪው ድርሻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ አደጋን እንዲመዘግብ ስለሚያስገድድ፣ ግምገማን ከመዝገቡ መጀመር ይቀናል። መዝገቡ የተቆረጠ ጣት ይይዛል፤ ቀስ ብሎ የሚጎዳው ግን ያመልጠዋል። የጥጥ ፈትል ክፍልን እንውሰድ። ብናኙ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ከእረፍት በተመለሱበት ቀን ነው፤ ሰኞ ደረት ይጨንቃል፣ በሳምንቱ መሐል ይቀልላል። ሐሙስ መጥቶ «የታመመ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ቆዳ ፋብሪካ ደግሞ የባሰ ነው። የቆዳ ፀጉር ማራገፊያው የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። በትንሹ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ፎርማኑ «ሽታው ጠፍቷል» ሲል የሚያረጋጋ ወሬ ላይሆን ይችላል። እዚህ የሚያስፈልገው የአቧራ ማስክ ሳይሆን ሁለቱን ፍሳሾች የሚለይ ቦይና የጋዝ መለኪያ ነው። ማንም ግን በግዢ ጥያቄው ላይ ቦይ ብሎ አይጽፍም።

«ፋብሪካዬን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» የሚል ባለቤት አለ። ምርቱንና ማሽኑን ያውቃል፣ እውነት ነው። ክር ሲጠላለፍ መከላከያውን አንስቶ እጁን የሚያስገባው ግን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ እሱን አለቃው በሌለበት ማነጋገር ያስፈልጋል። ሌላው መከራከሪያ የውጭ ገዢዎች ኦዲት ይበቃል የሚል ነው። ካራቺ የነበረው የአሊ ኢንተርፕራይዝስ ልብስ ፋብሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤስ ኤ 8000 የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ባገኘ በሳምንታት ውስጥ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ መኖሩ መውጫ በሩ መከፈቱን አያረጋግጥም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የዋጋው ተቃውሞ ነው፤ ግምገማ ያስከፍላል፣ ደንበኛው ወደ ርካሹ ይሄዳል። ለአነስተኛ ፋብሪካ ሙሉ ጥናት ላይቻል ይችላል፤ እጅግ አደገኛ የሆነውን አንድ የሥራ ሂደትና አንድ የሌሊት ፈረቃ ማየት ግን ይቻላል። ክፍያው ከዕቃ ሽያጩ ተለይቶ ይቀመጥ። ማስክ የሚሸጥ ሰው ሲገመግም የሚያገኘው የማስክ እጥረት ነው፤ በግምገማው ብቻ የሚከፈለው ግን «የጆሮ መሰኪያውን ተወው፣ መጀመሪያ የሚጮኸውን የማሽኑን ያረጀ ኩሽኔታ ቀይር» ለማለት አይቸገርም።